ከድጎማው በኋላ ማን ያስተምራል? ለላቀ የኮምፒዩተር መሠረተ ልማት ሥልጠና በሚሰጥ ድጎማ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የትምህርት ዕቅድ በሚነደፍበት ጊዜ መሣሪያና ሰው በአንድ በጀት ላይ ሲፎካከሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው መሣሪያው ነው። መሣሪያ በዓይን ይታያል፤ በንብረት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሲገዛም ሲመረቅም ይነገርለታል። የሠለጠነ ሰው ግን ዕውቀቱን ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚዘዋወር በመሆኑ ዋጋው በቀላሉ አይተመንም። ይህ የሚዛን መዛባት የገንዘብ እጥረት ባለባቸው አገሮች ብቻ የሚታይ አድርጎ መገመት ስሕተት ነው። እጅግ ኃይለኛ የሆኑ የኮምፒዩተር መሣሪያዎችን ለሳይንቲስቶቿ ባቀረበችው በአሜሪካም ይኸው ችግር ከአርባ ዓመታት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን «ሳይበርትሬይኒንግ» በሚል ስያሜ ከ2017 ወዲህ ባወጣቸው ተከታታይ ጥሪዎች የሰጠውን የሥልጠና ድጎማ መመርመር ነው። ድጎማው ተመራማሪዎችን፣ መምህራንንና የቴክኒክ ባለሙያዎችን በላቀ የኮምፒዩተር መሠረተ ልማት አጠቃቀም ለማሠልጠን የታቀደ ነው። ክርክሩ ባጭሩ የሚከተለው ነው፤ ድጎማው ገንዘብን ከመሣሪያ ወደ ሰው ማዞሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚወጣው በአመዛኙ ለሥልጠና ዝግጅት እንጂ ከዝግጅቱ በኋላ ለሚቀር መምህር ስላልሆነ፣ የጊዜ ገደቡ ሲያበቃ ሥልጠናውም አብሮ የሚያበቃበት በር ክፍት ሆኖ ቀርቷል። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የችግሩ አመጣጥ

እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ ሱፐር ኮምፒዩተር በብዛት የሚገኘው በመከላከያና በኑክሌር ምርምር ላቦራቶሪዎች ውስጥ ነበር። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በዚህ መሣሪያ ለመጠቀም የነበረው ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። በ1982 በሒሳብ ሊቁ በፒተር ላክስ ሰብሳቢነት የተዘጋጀው ዘገባ ይህን ጉድለት በግልጽ አመለከተ። ዘገባው አራት ዋና ዋና ሐሳቦችን አቀረበ። እነርሱም ተመራማሪዎች በመገናኛ መረብ አማካይነት መሣሪያውን እንዲያገኙ ማድረግ፣ የስሌት ዘዴዎችንና የሶፍትዌርን ምርምር ማስፋፋት፣ የሰው ኃይል ማሠልጠንና ለወደፊቱ የሚያገለግሉ አዳዲስ መሣሪያዎችን ማልማት ናቸው።

ከአራቱ ፈጥነው የተተገበሩት የመሣሪያና የመረብ ሥራዎች ነበሩ። በ1985 ፋውንዴሽኑ በዩኒቨርሲቲዎች የሱፐር ኮምፒዩተር ማዕከሎችን ማቋቋም ጀመረ፤ በኮርኔል፣ በኢሊኖይ፣ በሳንዲያጎ፣ በፕሪንስተን፣ ቀጥሎም በፒትስበርግ ማዕከሎቹ ተከፈቱ። በ1986 እነዚህን ማዕከሎች የሚያገናኘው ኤንኤስኤፍኔት የተባለው መረብ በሴኮንድ 56 ኪሎቢት በማስተላለፍ ሥራውን ጀመረ። ይህ መረብ ኋላ ለኢንተርኔት መስፋፋት ትልቅ መሠረት እንደሆነ ይታወቃል።

ማዕከሎቹ ከተከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ ሥልጠና ይሰጡ እንደነበር መካድ አይቻልም። ከ2001 እስከ 2011 የቆየው ቴራግሪድ፣ እርሱን ተክቶ በ2011 ለአምስት ዓመት 121 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2016 ደግሞ ተጨማሪ 110 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት ኤክስሴድ፣ ከ2022 ወዲህም ቦታውን የያዘው አክሰስ፣ ሁሉም ለተጠቃሚዎች እርዳታና ትምህርት ይሰጡ ነበር። ነገር ግን በእነዚህ ውስጥ ሥልጠናው የመሣሪያው ተከታይ እንጂ የራሱ ዓላማ ያለው ሥራ አልነበረም። አንድ ማዕከል ተጠቃሚውን የሚያሠለጥነው በመጀመሪያ ደረጃ የራሱን መሣሪያ በአግባቡ እንዲጠቀምበት ነው።

ለሥልጠናው ራሱን የቻለ ጥሪ የወጣው ዘግይቶ ነው። በ2005 «ሲአይ ቲም» የተባለ የሥልጠናና የትምህርት መርሐ ግብር ተጀምሮ ጥቂት ዙሮች ከተጠሩበት በኋላ ቆመ። ከዚያም በ2017 ሳይበርትሬይኒንግ በአዲስ ስያሜ ተተካ። የላክስ ዘገባ የሰው ኃይል ሥልጠናን ከዋና ሐሳቦቹ አንዱ አድርጎ ካቀረበ 35 ዓመት ሞልቶት ነበር። የመርሐ ግብሮቹ ስም መቀያየር በራሱ አንድ ነገር ያመለክታል፤ መሣሪያው በሌላ መሣሪያ ሲተካ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ሥልጠናው ግን ድጎማ በተለወጠ ቁጥር ከመነሻው እንዲጀምር ይገደዳል።

ሥልጠናው ለምን ያስፈልጋል?

ከሩቅ ሲታይ ኃይለኛ ኮምፒዩተር ያለው ተመራማሪ ሥራው የቀለለለት ይመስላል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንደሚባለው፣ መሣሪያውን የቀረበ ሰው የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። በ2019 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የጀመረው ፍሮንቴራ የተባለው ሱፐር ኮምፒዩተር ለግንባታው 60 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት ሲሆን፣ 448,448 የስሌት ኮሮች ያሉት ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ከዓለም 5ኛ ደረጃ ይዞ ነበር። ይህን ሁሉ ኮር በሥራ ላይ ለማዋል ግን ስሌቱ በብዙ ክፍሎች መከፋፈል፣ ክፍሎቹም እርስ በርሳቸው መልእክት መለዋወጥ ይኖርባቸዋል።

የዚህን አስቸጋሪነት ጂን አምዳል በ1967 ባቀረበው ቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። አንድ ሥራ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ለብዙ ፕሮሰሰሮች የሚከፋፈል፣ አንዱ እጅ ግን በተራ በተራ ብቻ የሚሠራ ነው እንበል። በአንድ ፕሮሰሰር 10 ሰዓት የሚፈጅ ቢሆን፣ የማይከፋፈለው ክፍል ብቻውን 1 ሰዓት ይወስዳል። እንግዲህ ፕሮሰሰሮቹ 1,000 ቢሆኑ እንኳ ሥራው ከ1 ሰዓት በታች አይወርድም፤ ፍጥነቱም 10 እጥፍ አይሞላም። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ 1,000 ፕሮሰሰሮችን ይዞ ከሞላ ጎደል 990ዎቹን ሥራ ፈት አድርጎ ያውላቸዋል። ጥፋቱ በመሣሪያው ላይ አይታይም፤ መሣሪያው ሥራ ላይ እንደዋለ ተመዝግቦ ሪፖርት ይደረጋል።

ከዚህ ስሌት ለዕቅድ አውጪዎች የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ለመሣሪያ የወጣ ገንዘብ ፍሬ የሚሰጠው መሣሪያውን የሚይዘው ሰው ሥራውን መከፋፈል ባወቀ መጠን ነው። ይህም ዕውቀት ከባዮሎጂ፣ ከኬሚስትሪ ወይም ከከባቢ አየር ሳይንስ መደበኛ ትምህርት ጋር አብሮ የሚመጣ አይደለም። አንድ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የዶክትሬት ዲግሪውን እስኪያገኝ ድረስ ፕሮግራም መጻፍን ከማንም መምህር ሳይማር፣ ከጓደኛው በመቅዳት ብቻ ሊያልፍ ይችላል።

የጥሪው ይዘት

ሳይበርትሬይኒንግ ሠልጣኞቹን በሦስት ወገን ከፍሎ ያያቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር መሠረተ ልማቱን የሚያለሙና የሚያሻሽሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ሁለተኛዎቹ በየሙያቸው ለምርምር የሚገለገሉበት ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ናቸው። ሦስተኛዎቹ ደግሞ መሣሪያውን የሚያስተዳድሩ፣ ሶፍትዌሩን የሚያዘጋጁና ተጠቃሚውን የሚረዱ ባለሙያዎች ናቸው። ይህ አከፋፈል የሚመሰገን ነው፤ ምክንያቱም ለሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት የመስጠትን የተለመደ ስሕተት ያስቀራል። መኪና የሚነዳ፣ መኪና የሚጠግንና መኪና የሚሠራ ሰው አንድ ትምህርት ቤት እንደማይገቡ ሁሉ፣ እዚህም ልዩነቱ በግልጽ ተቀምጧል።

የገንዘቡ መጠን እንደ ፕሮጀክቱ ዓይነት ይለያያል። ለሙከራ ፕሮጀክት እስከ 2 ዓመት ለሚቆይ ሥራ እስከ 300,000 ዶላር ይሰጣል። ለትግበራ ደረጃ የደረሰ አነስተኛ ፕሮጀክት እስከ 500,000፣ መካከለኛ ፕሮጀክት ደግሞ እስከ 1,000,000 ዶላር እስከ 4 ዓመት ድረስ ሊያገኝ ይችላል። አመልካቹ የሚያሠለጥናቸውን ሰዎች እንዴት እንደሚመለምል፣ ውጤቱን እንዴት እንደሚመዝን፣ ሥልጠናው እንዴት እንደሚስፋፋና ከድጎማው በኋላ እንዴት እንደሚዘልቅ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ከዓላማዎቹም አንዱ እነዚህ ዕውቀቶች በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያና የድኅረ ምረቃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዲካተቱ ማድረግ ነው።

እንግዲህ የጥሪው ጽሑፍ በራሱ ሲነበብ ሥልጠና ዘላቂ መሆን እንዳለበት የዘነጋ አይደለም። ችግሩ ዘላቂነትን የጠየቀው ከአመልካቹ ብቻ መሆኑ ነው። ገንዘብ ሰጪው ለ2 ወይም ለ4 ዓመት ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ተቀባዩ በጽሑፍ ቃል እንዲገባ ይጠብቃል። ቃሉ ቢፈርስ የሚጠየቅ የለም፤ ምክንያቱም ቃሉን የሰጠው የፕሮጀክቱ ኃላፊ እንጂ ቋሚ የሥራ መደብ የመክፈት ሥልጣን ያለው የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር አይደለም።

የተሻለ ምሳሌ

ድጎማው በአግባቡ ሲሠራበት ምን እንደሚያስገኝ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በባልቲሞር ካውንቲ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ መርሐ ግብር በ2017 በተሰጠው ድጎማ፣ ብዛት ያለው መረጃን የማቀናበር ዘዴ፣ ኃይለኛ የኮምፒዩተር ስሌትንና የከባቢ አየር ሳይንስን ያጣመረ ሥልጠና አዘጋጀ። ሥልጠናው ከ2018 ጀምሮ የተሰጠው በአንድ የትምህርት ወሰነ ጊዜ በሚጠናቀቅ ኮርስ መልክ ነው። አስተማሪዎቹ ከሦስቱ የሙያ መስኮች የተውጣጡ ሲሆኑ፣ ሠልጣኞቹም ከየመስኩ አንዳንድ ሰው ሆነው በሦስት በሦስት ተቧድነው ሠርተዋል። ከሠልጣኞቹ መካከል የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ማስተማር የጀመሩ ወጣት መምህራንም ነበሩበት። በመጨረሻም እያንዳንዱ ቡድን በአንድ እውነተኛ የምርምር ጥያቄ ላይ ሠርቶ ዘገባ አቅርቧል።

በዚህ ምሳሌ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ጊዜው ወራት እንጂ ቀናት አልነበረም፤ ስለዚህ ሠልጣኙ የተማረውን ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ለመምህሩ መልሶ ለማቅረብ ዕድል አግኝቷል። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ከሠልጣኙ ሙያ ጋር የተጋባ በመሆኑ የደመናንና የአየርን ጠባይ የሚያጠናው ሰው ስሌቱን በራሱ ጥያቄ ላይ ተማረው። ሦስተኛና ዋናው፣ የሠለጠነው መምህር ወደ ክፍሉ ሲመለስ ለራሱ ተማሪዎች የሚያስተላልፈው ነገር ይዞ ተመልሷል። አንድ ተመራማሪ ሲሠለጥን አንድ የምርምር ሥራ ይሻሻላል፤ አንድ መምህር ሲሠለጥን ግን በየዓመቱ በፊቱ የሚቀመጡት ተማሪዎች ሁሉ ይጠቀማሉ። ድጎማው ለዚህ ልዩነት የሚገባውን ክብደት አለመስጠቱ ቀጥሎ ከሚቀርቡት ጉድለቶች ሁሉ ሥር የሚገኝ ነው።

ጉድለቶቹ

የመጀመሪያው ጉድለት የአጭር ጊዜ ሥልጠናን ከልክ በላይ ማመን ነው። በኮምፒዩተር ሥልጠና ዓለም የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት እጅግ የተለመደ ሆኗል። የዚህ ልማድ ዋና አስፋፊ በ1998 በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ለሳይንቲስቶች በተሰጠ ኮርስ የተጀመረው ሶፍትዌር ካርፔንትሪ ነው። ድርጅቱ ከ2012 ወዲህ በበጎ ፈቃደኛ መምህራን አማካይነት የሁለት ቀን ዐውደ ጥናቶችን በብዙ አገሮች አካሂዷል፤ በ2018 ከዳታ ካርፔንትሪ ጋር ተዋሕዶ «ዘ ካርፔንትሪስ» ተብሏል። መምህራኑን ስለ ማስተማር ዘዴ አስቀድሞ የሚያሠለጥን መሆኑ ከብዙዎች የሚለየው መልካም ጠባዩ ነው። በሳይበርትሬይኒንግ የሚደገፉ ፕሮጀክቶችም ብዙዎቹ ይህን የአጭር ጊዜ አሠራር ተከትለዋል።

ዐውደ ጥናቱ ርካሽ ነው፤ ለማዘጋጀት አይከብድም፤ የተመራማሪውን ሥራ አያስተጓጉልም። ነገር ግን ምን ያህል ያስተምራል? በ2017 ዴቪድ ፌልደንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በ53 ተቋማት የሚማሩ 294 የሥነ ሕይወት ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪዎችን በሚመለከት ያወጡት ጥናት በዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ አንሥቷል። በአጭር ጊዜ የተፋፋመ ሥልጠና የተካፈሉት ተማሪዎች ካልተካፈሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በምርምር ችሎታም ሆነ በሥራ ውጤት ልዩነት አልታየባቸውም። እርግጥ ነው፣ ጥናቱ የተመለከተው አጠቃላይ የምርምር ዝግጅትን እንጂ አንድን የኮምፒዩተር መሣሪያ ለይቶ የማስተማርን ጉዳይ አይደለም። አንድን ትእዛዝ ወይም አንድን የሶፍትዌር አሠራር በሁለት ቀን ማስተማር ይቻላል። ችሎታን ማሳደግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ስለ መርሳት ካሳተመው ጥናት ጀምሮ መምህራን የሚያውቁት እውነት አለ፤ በአንድ ጊዜ የተጠና ነገር ቶሎ ይጠፋል፤ በተራራቁ ጊዜያት የተደጋገመ ግን ይጸናል። ይህ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራ ሕግ ለሳይንቲስት የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ጉድለት የመመዘኛው ነው። ድጎማ የተቀበለ ፕሮጀክት የሚጠየቀው ሪፖርት በቀላሉ የሚቆጠረውን ወደ መቁጠር ያዘነብላል፤ ስንት ሰው ተካፈለ? ስንቱ ረካ? ስንት ዐውደ ጥናት ተካሄደ? በመጨረሻው ሰዓት የሚታደል መጠይቅ የሚለካው የተሳታፊውን ስሜት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ያ ሰው በራሱ ፕሮግራም መጻፉን፣ ስሌቱን መከፋፈሉን፣ ለሌላው ማስተማሩን አይለካም። የአንድ መምህር ሥራ ተማሪዎቹ ከክፍል ሲወጡ በሚያሳዩት ፈገግታ ቢመዘን ተቀባይነት እንደማያገኝ ሁሉ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሰጠ ሥልጠናም በዚህ ብቻ መመዘን የለበትም። ሆኖም የድጎማው ዕድሜ ራሱ ለተሻለ ምዘና አይመችም። በ2 ዓመት ፕሮጀክት ውስጥ የመጀመሪያው ዓመት በዝግጅትና በምልመላ፣ ሁለተኛው በሥልጠና ሲያልፍ፣ ፍሬው በሚታይበት ጊዜ የሚመዝን ሰው በሥራ ላይ የለም።

ሦስተኛው ጉድለት ውድድሩን የሚመለከት ነው። ድጎማው የሚሰጠው በጽሑፍ በቀረበ የፕሮጀክት ሐሳብ ተወዳድሮ ለሚያሸንፍ ነው። የተሟላ የድጎማ ጽሕፈት ቤት፣ ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎችና የቀድሞ ፕሮጀክቶች ያሉት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ውድድር ቀድሞ ይነሣል። አነስተኛው ኮሌጅ ግን በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምርና የፕሮጀክት ሐሳብ ለመጻፍ ጊዜ የሌለው መምህር ነው ያለው። በዚህ ምክንያት ሥልጠናው በይበልጥ ወደሚያስፈልግበት ሳይሆን አስቀድሞ ወዳለበት እንዲሄድ የሚገፋው ኃይል ቀላል አይደለም። ትልልቆቹ ተቋማት ትንንሾቹን በአጋርነት እንዲያቅፉ ይበረታታሉ፤ ነገር ግን አጋር የሆነ ኮሌጅ ብዙውን ጊዜ ሠልጣኝ ላኪ እንጂ የሥልጠናው ባለቤት አይሆንም።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ጉድለት የአስተማሪው ቦታ ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ኃይለኛ ኮምፒዩተር አጠቃቀም ተመራማሪዎችን የሚያስተምረውና የሚረዳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት ደረጃ የተቀጠረ አይደለም። በ2008 በቴራግሪድ ሥር የተጀመረው «ካምፐስ ቻምፒዮንስ» የተባለው እንቅስቃሴ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ባለሙያዎች ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን፣ ከማዕከላዊው ፕሮጀክት ደመወዝ ሳይቀበሉ፣ ባልደረቦቻቸውን በመሣሪያው አጠቃቀም ይረዳሉ። ይህ የሚያስመሰግን ትጋት ነው፤ ግን አንድ አገር በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የገዛችውን መሣሪያ አጠቃቀም በበጎ ፈቃድ ትከሻ ላይ መጣሏ ሊያሳስብ ይገባል። በእንግሊዝ አገር «የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ» የሚለው የሙያ ስም በ2012 መነገር ከጀመረ በኋላ፣ በ2015 የመንግሥቱ የምርምር ምክር ቤት ለእነዚህ ባለሙያዎች ራሱን የቻለ የሥራ ድጋፍ መስጠት ጀምሯል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሙያው ስምና የዕድገት መሰላል ሲያገኝ ሰው ይቆይበታል፤ ሳያገኝ ሲቀር የሠለጠነው ሁሉ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ኩባንያ ይሄዳል።

የ2025 ማስጠንቀቂያ

ሥልጠናን በድጎማ ላይ ብቻ መመሥረት የሚያስከትለውን አደጋ በንድፈ ሐሳብ ብቻ መከራከር እስከ 2025 ድረስ ይቻል ነበር። በዚያ ዓመት ፋውንዴሽኑ አስቀድሞ ከሰጣቸው ድጎማዎች ከ1,000 በላይ የሚሆኑትን ጊዜያቸው ሳይደርስ አቋረጠ። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳው የትምህርት ክፍሉ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ለ2026 የበጀት ዓመት ያቀረበው ሐሳብ፣ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ የነበረውን የፋውንዴሽኑን በጀት ወደ 3.9 ቢሊዮን ዶላር ዝቅ እንዲል የሚጠይቅ ነበር። የበጀት ሐሳብ ሕግ አይደለም፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠውም ምክር ቤቱ ነው። ቢሆንም ድንገተኛው መቋረጥ አንድ ነገር አሳይቷል። አስቀድሞ የተገዛ መሣሪያ ድጎማው ቢቋረጥም በቦታው ይገኛል። በመደበኛ ኮርስ ውስጥ የገባ ትምህርትም በሚቀጥለው ወሰነ ጊዜ ይሰጣል። በድጎማ ገንዘብ ብቻ የቆመ ሥልጠና ግን አሠልጣኙ ሥራ ሲፈታ በዚያው ቀን ይዘጋል።

ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ትምህርት

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች እንግዳ አይደለም። በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር፣ ፕላዝማ ተብሎ የሚታወቀው መሣሪያ በየክፍሉ ተተከለ። ትምህርቱ በስክሪኑ ፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የቀረለት ከሥርጭቱ በፊትና በኋላ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነበር። መሣሪያው በተበላሸበት ወይም መብራት በጠፋበት ቦታ ሁሉ ትምህርቱን የተሸከመው ያው ወደ ጎን የተገፋው መምህር መሆኑን በጊዜው ያስተማሩ ሁሉ ያውቁታል። መሣሪያው መጥፎ አልነበረም፤ ስሕተቱ መምህሩን ከመሣሪያው በኋላ ማሰቡ ነው።

ዛሬም ተመሳሳይ ምርጫ በፊት ተደቅኗል። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኝ የትምህርትና የምርምር መረብ አለ። በሐምሌ 2024 ከተባበሩት የአረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች እንቅስቃሴ ፕሮግራም መጻፍን፣ የመረጃ ሳይንስንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በኢንተርኔት በነጻ ያስተምራል። ይህ ለብዙ ወጣት በር የሚከፍት መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ከላይ ከቀረበው ሂስ በመነሣት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ የምስክር ወረቀት የተቀበለው ሰው ብዛት ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ መምህራን ናቸው? ስንቱስ የተማሩትን በክፍላቸው ውስጥ ለማስተማር ክፍለ ጊዜ፣ መሣሪያና የአለቃ ድጋፍ አግኝተዋል? የሚለው ነው።

ማጠቃለያ

ሳይበርትሬይኒንግ ከቀደሙት አሠራሮች የተሻለ እርምጃ መሆኑ አያጠራጥርም። ሥልጠናን ከመሣሪያ ጥላ አውጥቶ የራሱ በጀት ሰጥቶታል፤ ሠልጣኞችን በሚገባ ለይቷል፤ ሥርዓተ ትምህርትን ዓላማው አድርጓል። ይሁን እንጂ ዓላማውንና የገንዘብ አሰጣጡን አላስማማም። ከዚህ በመነሣት የዚህ ዓይነት ድጎማ ለሚያቅድ ማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚከተሉት ነጥቦች ሊጠቅሙ ይችላሉ።

1. ከድጎማው የተወሰነው ክፍል በቀጥታ ለአንድ አስተማሪ የሥራ መደብ ይዋል፤ ተቋሙም የደመወዙን ድርሻ በየዓመቱ እየጨመረ ወስዶ፣ የድጎማው ጊዜ ሲያበቃ መደቡን ሙሉ በሙሉ ይረከብ። ውሉን የሚፈርመው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ብቻ ሳይሆን የተቋሙ አስተዳደር ይሁን።

2. ዐውደ ጥናት እንደ መግቢያ ይወሰድ እንጂ እንደ ሙሉ ሥልጠና አይቆጠር፤ ከእርሱ በኋላ ሠልጣኙ በራሱ ሥራ ላይ የሚለማመድበትና አስተማሪ የሚያገኝበት ቢያንስ የአንድ ወሰነ ጊዜ ክትትል ይኑር።

3. ውጤቱ ሥልጠናው ባበቃ በዓመቱና በሁለት ዓመቱ በሠልጣኙ ሥራ ይመዘን፤ ለዚህም የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ተለይቶ ይቀመጥ።

4. ለአነስተኛ ተቋማት አጭርና ቀላል የማመልከቻ መንገድ ይከፈት፤ የመምህሩም ከክፍል ነጻ የሚሆንበት ጊዜ በድጎማው ይሸፈን።

5. መምህራን ከሠልጣኞች መካከል ቅድሚያ ያግኙ፤ የሚዘጋጀው የማስተማሪያ ጽሑፍም ለሁሉ ክፍት ሆኖ በየጊዜው የሚያድሰው ሰው ይመደብለት።

እነዚህ ሐሳቦች ወጪ የላቸውም ማለት አይደለም። ቋሚ መደብ ከሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ይልቅ ውድ ነው፤ የሠልጣኞቹም ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊያንስ ይችላል። ለዕቅድ አውጪ ከባዱ ፈተናም ይኸው ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ትልቅ ቁጥር የሚያሳየውን ዕቅድ ትቶ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ፍሬው የሚታየውን መምረጥ። መሣሪያው በጥቂት ዓመታት ያረጃል፤ ሶፍትዌሩም ይለወጣል። ስለሆነም ማንኛውም የሥልጠና ድጎማ ከመጽደቁ በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ተመልሶ ሊገኝ ይገባል፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው መምህር ማን ነው? ደመወዙንስ የሚከፍለው ማን ነው?